ጋፋትና ጎረቤቶቿ፤ የዕረፍት ጊዜ በደብረ ታቦር ደጋ

የዓመት ፈቃድ በደረሰ ጊዜ የደመወዝተኛው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘንድሮስ የት ልሂድ?» የሚል ነው። መልሱም ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ጥቂት ያጠራቀመ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሶደሬ ይወርዳል፤ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ይሄዳል፤ ሁለቱም ያልሆነለት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ሲንሸራሸር ፈቃዱን ይጨርስና ከቀድሞው ይልቅ ደክሞት ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። ተማሪውም እንዲሁ ነው። ክረምቱን በመኝታና በወሬ ያሳልፍና መስከረም ሲጠባ ስለ ዕረፍቱ ድርሰት ጻፍ ቢባል የሚጽፈው ያጣል።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አንባቢውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ልንመራው አስበናል። ቦታው በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለች ጋፋት የምትባል ትንሽ መንደር ነው። ጋፋት ሐይቅ የላትም፤ የመዋኛ ገንዳ የላትም፤ እንደ ጎንደር ከተማም ከሩቅ የሚታይ ግንብ የላትም። ያላት ጸጥታና ስም ነው። ስሙን ያተረፈላት ግን ታላቅ ሥራ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ያሉትን መድፍ ያሠሩት በዚህች መንደር ነው። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው የመድፉ አምሳያ ነው፤ ዋናው ያለው በመቅደላ አምባ ላይ ነው፤ የትውልድ አገሩ ግን ጋፋት ነው። በዚያ አደባባይ አጠገብ በየቀኑ ከሚያልፉት ጸሐፊዎችና ተማሪዎች መካከል የመድፉን አገር ሄዶ ያየ ስንቱ ይሆን?

መንገዱ

ወደ ጋፋት ለመሄድ አስቀድሞ ደብረ ታቦር መድረስ ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ዳር የተነሣ መኪና የጣናን ሐይቅ በስተግራ እየተወ ወደ ሰሜን ይጓዝና ወረታ ይደርሳል። በወረታ ዙሪያ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ነው። በክረምት ውሃ የሚተኛበት ለምለም አገር ስለሆነ የፎገራ ከብት በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው። በደርግ ዘመን ሩዝ ከገባበት ወዲህ ግን የሜዳው መልክ ተለውጧል፤ መንገደኛው በመኪናው መስኮት የሚያየው አረንጓዴ ማሳ ከሩቅ ጤፍ ቢመስለውም ብዙው ሩዝ ነው።

ከወረታ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ መውጣት ይጀምራል። ይህ መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ «የቻይና መንገድ» የሚሉት አሉ። ዓለም በር የተባለችው ትንሽ ከተማ ካለፈች በኋላ ዳገቱ እየበረታ፣ ነፋሱም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ከባሕር ዳር የተነሣ ሰው እዚህ ላይ ካፖርቱን ይፈልጋል። ደብረ ታቦር የምትገኘው 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነውና፣ ብርድ የሚፈራ ሰው ጋቢውን ከሻንጣው ሥር ሳይሆን ከላይ ቢያኖረው ይሻለዋል።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ይህ አገር በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ያለችውን ነፋስ መውጫን ደርሶ በሕዝቧ ላይ ከባድ በደል ተፈጽሟል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውን ከመንገዱ፣ ገበሬውን ከገበያው ብዙ ጊዜ አቋርጦታል። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው ነገ ተነሥ አንለውም። ከመነሣቱ በፊት በአካባቢው ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጠይቆ፣ የመንገዱን ሰላም አረጋግጦ፣ ጊዜው ሲፈቅድለት ይሂድ። ሰላም የራቀው አገር እንግዳም ይርቀዋል፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ደስተኛ የአገሩ ሰው ነው።

የመሳፍንቱ ከተማ

ወደ መንደሪቱ ከመውጣታችን በፊት በደብረ ታቦር አንድ ቀን መዋል ይገባል። ከተማዪቱን የቈረቈሯት በዘመነ መሳፍንት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአገሩ ሥልጣን ማዕከል በጎንደር ቤተ መንግሥት ሳይሆን በዚህ ኰረብታ ላይ ነበረ። በጎንደር ንጉሡ በስም ይቀመጣሉ፤ በደብረ ታቦር ግን ራሱ ያዝዛሉ።

በ1834 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ላይ በከተማዪቱ አቅራቢያ የተደረገው ጦርነት ለተማሪ ሁሉ የሚነገር ነው። የሰሜንና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ትንሹን ራስ ዓሊን ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ደጃዝማች ውቤ ድላቸውን በግብር ሲያከብሩ ሳለ ከራስ ዓሊ ወገን የሆነ ጦር ድንገት ደርሶ ማረካቸው። ጧት አሸንፎ ማታ የታሰረ መስፍን በታሪካችን እምብዛም አይገኝም። ራስ ዓሊ በዚህ ዓይነት ሥልጣናቸውን መልሰው ቢያገኙም፣ ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. በአይሻል ሜዳ ላይ በካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ። ካሣም በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላም ከተማዪቱ ከታሪክ አልወጣችም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከግብፅ የተላከውን እንግሊዛዊውን ጎርደንን በ1872 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የተቀበሉት በደብረ ታቦር ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌም መቀመጫቸው እዚሁ ነበረ፤ እርሳቸው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሲወድቁ በአገራችን ጦር ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሲያንዣብብ የመጀመሪያው ጊዜ ነበረ። ዛሬ ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል፤ የዩኒቨርሲቲውም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙ ጋፋት ተብሏል። ስሙ ለምን እንደ ተሰጠው ለማወቅ ጧት ተነሥቶ ወደ መንደሪቱ መሄድ ነው።

ጋፋት

ከከተማው እስከ ጋፋት በእግር አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። ባጃጅ የሚፈልግ አያጣም፤ እኛ ግን በእግር መሄድን እንመክራለን። የደጋ አገር ውበቱ የሚታየው ቀስ ብሎ ለሚሄድ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስና ባቄላ፣ ድንችና ግብጦ ይታያል። ባሕር ዛፍም በያለበት በቅሏል፤ ገበሬው በችግሩ ጊዜ ቈርጦ የሚሸጠው የገንዘብ ሣጥኑ ነውና። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከአጥር ሥር ብቅ እያሉ ይመለከታሉ፤ ሰላም ካሏቸው ይመልሳሉ፤ ካላሏቸውም እነርሱው ይጀምራሉ። ጧት ጧት ጉሙ ከሸለቆው ሳይነሣ የአህያ ኰቴና የዶሮ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። ከዚህ በቀር ድምፅ የለም።

በዚህ ጸጥታ መካከል ቆሞ፣ ይህ ኰረብታ በአንድ ወቅት ጢስና ነበልባል የማይለየው፣ የመዶሻ ድምፅ የማያቋርጥበት ሥፍራ እንደ ነበረ ማሰብ ያስቸግራል። ነገሩ እንዲህ ነው። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ቅድስት ክሪሾና የተባለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረ። ይህ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰባኪዎችን ያሠለጥን ነበር። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባት ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም. ገደማ ደረሱ። ቤንደር፣ ማየርና ኪንስሌን ከእነርሱ መካከል ናቸው፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር ጥቂት ዘግይተው ተጨመሩ። ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ነበሩበት። ዐፄ ቴዎድሮስ እነዚህን ሰዎች በጋፋት አሰፈሯቸው።

ሰዎቹ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ለማስተማር ነው፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት ሥራ ነበረ። አስቀድሞ መንገድ እንዲያበጁ፣ ሠረገላ እንዲሠሩ፣ መሣሪያ እንዲጠግኑ አደረጓቸው። ኋላም መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ቫልድማየር በሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ እነርሱ ይህን ሥራ አናውቅም ብለው መለሱ። ንጉሡ ይህን መልስ አልተቀበሉም፤ አሽከሮቻቸውን አሳሰሩባቸው። ሰዎቹም የማያውቁትን ሥራ ለመሞከር ተገደዱ። ምድጃ ሠሩ፣ ብረታ ብረት አቀለጡ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ እንደገና ሞክሩ አሉ። በተደጋጋሚ ከተሞከረ በኋላ ሥራው ተሳካ፤ የንጉሡም ደስታ ወሰን አልነበረውም። ለሠራተኞቹ ልብስና በቅሎ፣ ገንዘብም ሸለሟቸው።

በዚህ ሥራ ላይ የኢትዮጵያ ልጆችም ተመድበው ነበር። ንጉሡ ወጣቶችን ወደ ጋፋት እየላኩ ንባብና የእጅ ሥራ እንዲማሩ አድርገዋል። ስለዚህ ጋፋትን የመድፍ ፋብሪካ ብቻ ማለት ይጐድላል፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ነበረች። ባለእጅ ሁሉ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ በሚሰደብበት ዘመን አንድ ንጉሥ የብረት ሠራተኛን ከዙፋኑ አጠገብ ማቅረቡ ቀላል ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ሲያሠሩ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደ ነበረ ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ዐፄ ምኒልክ ኋላ ባለእጅን መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ሲያስነግሩ፣ ሐሳቡ አስቀድሞ በጋፋት ኰረብታ ላይ ታይቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከመድፎቹ ሁሉ የሚበልጠው በ1859 ዓ.ም. ተሠርቶ ተጠናቀቀ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ፈረንጆች ሞርታር የሚሉት፣ አፈ ሙዙ አጭርና ሰፊ የሆነ መድፍ ነው። ንጉሡ ሴባስቶፖል ያሉት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር በተዋጋችበት ከተማ ስም ነው። ከዚህም የምንረዳው በጋፋት የነበረው የዓለም ወሬ እስከ ጥቁር ባሕር ይደርስ እንደ ነበረ ነው።

የደስታው ዘመን ግን አጭር ነበረ። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጎንደርን አቃጥለው ነበር፤ አገሩም ሸፈተባቸው፤ የበጌምድር ሕዝብ በዚያ ዘመን ያየው መከራ ብዙ ነው። የጋፋት ፈረንጆችም በመጨረሻው እንደ እስረኛ ይጠበቁ ጀመር። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውንና ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከዚያ በፊት ጋሪ ያላለፈበትን ገደል መንገድ እያበጁ፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየጐተቱ በጋይንትና በደላንታ አድርገው፣ በሺሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። አምስት ወር ያህል መሆኑ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ጋፋትም ምድጃዋ ጠፍቶ ወደ እርሻዋ ተመለሰች።

ስማቸው ያልተጻፈ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። የፈረንጆቹን ስም ሁሉ እናውቃለን። ልጆቻቸው የት እንደ ደረሱ እንኳ ይታወቃል። የሞሪትዝ ሆልና የኢትዮጵያዊት ልጅ የሆነችው ሚስቱ ልጅ ማግዳሌና ተብላ ተጠራች፤ የተወለደችውም በመቅደላው ዘመቻ ሰሞን ነው። የእርሷ የልጅ ልጅ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው የሲኒማ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ቫልድማየርም የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፏል፤ መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል።

ነገር ግን ከሰል ያከሰለው ማን ነበረ? ወናፉን የነፋው፣ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ለምድጃው ጭቃ ያቦካው፣ 70 ኩንታል መድፍ በጋይንት ዳገት ላይ ትከሻው እስኪላጥ የጐተተው ማን ነበረ? የብዙዎቹ ስም በመጽሐፍ አልተጻፈም። የተረፈ ነገር ካለ ያለው በአገሩ ሰው አፍ ነው። «ቅድመ አያቴ እዚህ ላይ ይህን ይሠሩ ነበር» የሚል ሽማግሌ፣ የአንድ ማሳ ስም፣ የአንድ ጉብታ ስም፣ ከዚህ በላይ አይደለም። ሽማግሌው ሲሞት የማሳውም ስም ይረሳል። ለአጥር ድንጋይ የሚፈልግ ሰውም የቱ ድንጋይ ከአሮጌ ምድጃ እንደ ተነሣ የሚነግረው ካጣ አንሥቶ ይሄዳል፤ አይፈረድበትም።

ለዚህ ነው ወደ ጋፋት የሚሄድ ወጣት ካሜራ ብቻ ሳይሆን ደብተርና እርሳስም ይያዝ የምንለው። አንድ ተማሪ ከአንድ አዛውንት አጠገብ ግማሽ ቀን ቢቀመጥና የሰማውን ከነቀኑ፣ ከነቦታው ቢጽፍ፣ ጽሑፉንም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ፣ ትንሽ የሚመስለው ሥራ ለታሪክ ጸሐፊ ዋጋው ብዙ ነው። ጸሐፊነት የመሥሪያ ቤት ሥራ ብቻ አይደለም።

በእንግድነት

ከተሜ ወደ ገጠር ሲሄድ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንዱ እንደ አለቃ ይገባል፤ ሌላው የአራዊት መጠበቂያ እንደሚጐበኝ ሰው ያፈጣል። ሁለቱም አያስፈልግም። ወደ ማንም ግቢ ሲደርሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ነው። ውሻው ይታሰራል፤ ባለቤቲቱ ትወጣለች። ወንዱን ሽማግሌ «አባባ»፣ እናቲቱን «እማማ» ብሎ፣ ጐንበስ ብሎ እጅ መንሣት ነው። ጤንነት፣ ልጆች፣ ከብት፣ አዝመራ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። ፎቶግራፍ የሚነሣው ተጠይቆ ነው። ባዶ እጅ ከመሄድም አንድ ኪሎ ስኳር፣ ጥቂት ቡና፣ አንድ ሁለት ሳሙና ይዞ መሄድ የአገሩ ወግ ነው።

በአንድ የጥር ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያው በወጣሁ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከደጃፋቸው ላይ አገኘናቸው። መድፍ የተሠራበትን ቦታ ልናይ እንደ መጣን ነገርናቸው። እርሳቸውም መድፉ ከሄደ ብዙ ዘመን መሆኑን፣ የቀሩት እነርሱ ብቻ መሆናቸውን ነገሩንና እየሳቁ ወደ ቤት አስገቡን። የገብስ ቆሎና የተቀቀለ ድንች ቀረበ፤ ለእኔም በጣሳ ጠላ ተቀዳልኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ ስማቸውንና የመንደሩን ጉብታዎች ስም በደብተሩ ጻፈ። ስንወጣ ምን ልክፈል ብዬ ለመጠየቅ አፍሬ፣ የያዝነውን ስኳር ለልጅ ልጃቸው ሰጠሁ። ይህ ዓይነቱ ቤት በጋፋት ብዙ ነው። ነገር ግን መንገድ ለመራ ልጅና ለአስረጅ ሽማግሌ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ግዴታ ነው፤ እንግዳ ተቀባይነት የድኻ ቤት መበዝበዣ መሆን የለበትም።

ጎረቤቶቿ

ጋፋት በአንድ ቀን ታልቃለች። ሳምንት ያለው ሰው ግን ደብረ ታቦርን ማደሪያ አድርጎ ጎረቤቶቿን ሊያይ ይችላል።

ከከተማው በስተምሥራቅ የሚታየው ትልቁ ተራራ ጉና ነው። ከፍታው ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ነው፤ በፎገራ ያየነውን ሜዳ የሚያጠጣው ውሃ እንግዲህ የጉና ልጅ ነው ማለት ነው። ገብሱ ካለቀበት በላይ አስታና ጅብራ ይበቅላል። ወደ ጉና የሚወጣ ሰው ማለዳ ይነሣ፤ ወፍራም ልብስና የአገር ሰው መሪም ይኑረው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሚወድድ ደግሞ ይህ አገር ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ የነበረበት ነው። ከጉና ማዶ፣ በጋይንት በኩል፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። ቅዱስ ያሬድ በዚያ እንደ ነበረ ትውፊቱ ይናገራል። በጋይንት ምድር ያለችው ቤተልሔም ደግሞ የድጓ ምስክር ናት። ከኢትዮጵያ ማዕዘን ሁሉ የመጣ የድጓ ተማሪ ትምህርቱን የሚያስመሰክረው በዚያ ነው። የቤተልሔም ሕንፃም የተለየ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ተራ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ይመስል የነበረው፣ በውስጡ እጅግ የቆየ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ይዞ ተገኝቷል። ይህን ለውጭው ዓለም ያስታወቀው ወጣቱ ቶማስ ፓከንሃም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ነው። ካህናቱ ግን ሁልጊዜም ያውቁት ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለችው ማኅደረ ማርያምም የቆየች የደብር መንደር ናት፤ ስሟ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ጋር ይነሣል።

አካሉን ማሳረፍ የፈለገ በደራ ወረዳ ወዳለው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይውረድ። በመመለሻውም በዓለም በርና በወረታ መካከል ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ ወዳለችው አውራ አምባ ጎራ ይበል። ይህች መንደር በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተች ስትሆን፣ ሴትና ወንድ በሥራ ሳይለያዩ፣ ወንዱም እየፈተለ ሴቷም እያረሰች በማኅበር የሚኖሩባት ናት። በአሳባቸው የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ የሽመና ሥራቸውን አይቶ የማያደንቅ ግን የለም። ጋፋት ላይ የእጅ ሥራ እንዴት እንደ ተከበረ ያነበበ ሰው፣ አውራ አምባ ላይ እንዴት እንደሚከበር በዓይኑ ያያል።

መቼ ይሄዷል?

ክረምት ጭቃ ነው፤ ነገር ግን ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ የምንለው፣ በዚህ ስም በሚጠራው ከተማ ሲከበር ማየት የማይረሳ ነገር ነው። የጅራፉ ጩኸት፣ የችቦው ብርሃን፣ ሙልሙሉ ሁሉ የታወቀ ነው። በዓሉ በፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል ግን እንግዳው ወተትና ሥጋ አይጠብቅ። ከመስከረም ጀምሮ ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል። ኅዳርና ታኅሣሥ የመከር ጊዜ ነው፤ ቀኑ ብራ ሲሆን ሌሊቱ ውርጭ አለበት። ጥር 25 ቀን የመርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር በፈረስ ጉግስ ይከበራል፤ ፈረስ ለሚወድድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ወጪውን በሚመለከት፣ የጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ የማይችለው ጉዞ አይደለም። ሦስት አራት ጓደኞች ተባብረው ቢሄዱ በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ በደብረ ታቦር መጠነኛ አልጋ ተከራይተው፣ በእግራቸው እየዞሩ ሳምንቱን ሊያሳልፉ ይችላሉ። ጥሩ ጫማ፣ ጋቢ፣ የእጅ ባትሪ፣ ደብተርና እርሳስ ከያዙ የቀረውን አገሩ ይሰጣቸዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የፈለጉት፣ የአገራቸው ልጅ የሌላው ዓለም ሰው የሚሠራውን ሥራ በገዛ እጁ እንዲሠራ ነው። ዘዴያቸው ግፍ ያለበት ነበረ፤ ፍላጎታቸው ግን ዛሬም የእኛ ነው። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ምድጃው በነደደበት ኰረብታ ላይ ተቀምጦ፣ ያንን ምድጃ ያነደዱ ሰዎች የልጅ ልጆች ገብስ ሲያጭዱ እያዩ ማሰብ ሌላ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ይሂዱ። ሽማግሌዎቹ እየጠበቁ ናቸው፤ ዕድሜ ግን አይጠብቅም።